የሙሚና ልብ በዘሊካ እጅ

ቆቦ ላይ ሸክላ የማይገዛ ቤት የለም። ድስቱም፣ ምጣዱም፣ የውሃ እንስራውም ከኡሙሃኒ ደጅ ይወጣል፤ ባለጸጋውም ደሃውም ወጡን የሚያበስለው በእሷ እጅ ሥራ ነው። እጇን ግን ማንም ከማዕዱ አያስጠጋም። «ሸክላ ሠሪ ዓይኗ ይበላል» ይላሉ። ድስቱን ሲገዛ ያልፈራ ሆድ፣ ድስቱን የሠራችው ሴት ስታየው ቁርጠት ይይዘዋል።

ዘሊካ የዚህች የኡሙሃኒ ልጅ ናት። አሁን ነርስ ሆና በሆስፒታሉ የስኳር ሕሙማንን ትከታተላለች። ነጭ ጋወን ስትለብስ ሰው ሁሉ «አላህ ያክብርሽ» ይላታል። ጋወኑን አውልቃ ገበያ ስትወርድ ደግሞ ያው ሰው መሶቡን ይከድንባታል። እሷም አንገቷን ቀና አድርጋ ታልፋለች፤ አንገት ማቀርቀር ከእናቷ ያልወረሰችው ብቸኛ ነገር ነበር።

ይህ ሁሉ እያለ ፈሪድ ወደዳት። ፈሪድ በፓምፕ ውሃ ሽንኩርት የሚያለማ፣ ፀሐይ ያጠቆረው፣ ሲስቅ ዓይኖቹ የሚጠፉ ጎልማሳ ነው። እናቱ እትዬ ሙሚና ከዋጃ እስከ ጎብዬ በግመልና በማሽላ ስማቸው የሚጠራ ሴት ናቸው፤ ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም። ስለ ዘሊካ ሲነግራቸው የሰጡት መልስ ከቤት ወጥቶ አገር ለአገር ዞሯል።

«እኔ በሕይወት ሳለሁ አይሆንም። ስሞት የፈለግኸውን አግባ።»

ከዚያ ታመሙ። የአዲስ አበባ ሐኪሞች «የልባቸው የደም መንገድ ጠቧል፤ ደረታቸው ተከፍቶ፣ ከእግራቸው በሚወሰድ የደም ሥር ሌላ መንገድ ይሠራላቸዋል» አሉ። ግን ስኳራቸው ሰማይ ነክቶ ነበር። «በዚህ ስኳር ደረት ብንከፍት ቁስሉ አይገጥምም፤ ያመረቅዛል፤ አጥንቱም አይያያዝም። አውርዳችሁ አምጧቸው» ብለው መለሷቸው። ኢንሱሊን ታዘዘ። ፈሪድ እንደሆነ መርፌ ሲያይ ጉልበቱ ይከዳዋል። ሆስፒታሉም በየጠዋቱ ቤታቸው ሄዳ እንድትለካና እንድትወጋ የመደበው ዘሊካን ሆነ።

የቆቦ ምላስ ይህን አግኝቶ ዝም ሊል ነው? «ሙሚና ቢሞቱ የሚጠቅማት ሴት ናት መርፌውን የያዘችው» ተባለ።

*

«ቢስሚላህ በሉ፣ እትዬ።»

«እኔስ አልረሳም። አንቺ እንዳትረሺ» አሉ እትዬ ሙሚና፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው።

ዘሊካ ወጋቻቸው። ታናሽ እህታቸው ሳሊሀ እንደ ዘበኛ በሩ ላይ ተቀምጣለች። ቁርሱ ሰፌድ ተደፍቶበት፣ በሰፌዱ ላይ ነጠላ ተደርቦበት፣ እንደ ሙሽራ ተሸፋፍኖ ጥግ ላይ ተቀምጧል።

«መርፌው ገብቷል፤ አሁን ምግብ ይጠይቃል። ብሉ።»

«እበላለሁ። አንቺ ስትሄጂ።»

በየቀኑ መልሱ ይኸው ነው። እሷ ከደጅ ርቃ ካልሄደች ክዳኑ አይነሣም። ስኳራቸውም አንድ ቀን ተራራ፣ አንድ ቀን ገደል ይሆናል። ሰሞኑን ረጋ ብሏል፤ አዲስ አበባም ለሚመጣው ሳምንት ቀጠሮ ሰጥቷል። አሁን ቢዛባ ቀጠሮው ይሰረዛል፤ ያ ልብ ደግሞ ሌላ ቀጠሮ የሚጠብቅበት አቅም የለውም። ዘሊካ የሚበሉትን ሳታይ መርፌውን መመጠን እንደማትችል ታውቃለች። እስከ ዛሬ በትዕግሥት ኖራለች፤ ትዕግሥት ግን ያለ ልኳ የተሰፋላት ቀሚስ ነው።

ተነሥታ ነጠላውን ገፈፈች። ሰፌዱን አነሣች።

የማሽላ ቂጣ፣ ምስር፣ ጎመን።

«ማሻአላህ፣ ጥሩ ምግብ ነው። ሁሉንም ጨርሱት።»

ሳሊሀ አፏን በእጇ ያዘች። እትዬ ሙሚና ደግሞ ሳህኑን እባብ እንደተጠመጠመበት አዩት። ዘሊካም አየቻቸው። በዚያች ሰዓት ቁጭ ብላ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ሲውጡ ማየት ነበረባት፤ ሙያዋ የሚላት ይህንን ነበር። ኩራቷ ግን ቀድሟት በሩ ጋ ደርሷል። ቦርሳዋን አንግታ ተከተለችው።

ፈሪድ ከአጥሩ በር ላይ ይጠብቃታል።

«ዛሬስ እንዴት ናት?»

«እናትህ ደህና ናቸው። እኔ ግን አንድ ሳህን ምስር በዓይኔ ገድዬ ወጣሁ።»

ሳቀ፤ ዓይኖቹ ጠፉ። ይህን ሳቅ ለማየት ስትል የዚያን ቤት በር በየቀኑ እንደምትረግጥ ለማንም ነግራ አታውቅም፤ ለራሷም ቢሆን በግድ ነው።

«ልቧ ሲጠገን ሐሳቧም ይለዝብ ይሆናል» አላት።

«ፈሪዴ፣ የሚቀይሩላቸው የደም ሥር ነው እንጂ ጠባይ አይደለም።»

«ታዲያ ይዤሽ ብጠፋስ?»

«እኔ የምሰረቅ ከብት ነኝ? ጠይቀው የሚወስዱኝ ሴት ነኝ።»

ጀርባዋን ሰጥታው ሄደች። እስክትታጠፍ ድረስ ዓይኑ ትከሻዋ ላይ እንዳለ ታውቅ ነበርና አካሄዷን ትንሽ አሳመረችው።

*

ረፋዱ ላይ ባጃጅ እየበረረ የሆስፒታሉ ግቢ ገባ። ፈሪድ ወረደ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እማ ወድቃለች።»

ዘሊካ የግሉኮሱን መድኃኒትና መለኪያውን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ከጎኑ ገባች።

«ምን ይሆናሉ? ንገረኝ።»

«ላብ አጥምቋታል። ትንቀጠቀጣለች። ትቀባዥራለች።» ቀጥሎ ያለውን ቃል እንደ ትኩስ ድንች አፉ ውስጥ አገላበጠው። «ስምሽን ትጠራለች።»

ይህን ሲል የሚያየው መንገዱን ነበር።

ራያ ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል። ዓይን የበላው ሰው ይለፈልፋል፤ ሲለፈልፍ የበላውን ሰው ስም ይጠራል። ከዚያ ወዲያ ምስክር አያስፈልግም።

«ወደ እኔ ዙር» አለችው።

«ዘሊካ…»

«ዙርና እየኝ፣ ፈሪድ።»

ዞረ። ባጃጁ አንድ ጉድጓድ ዘሎ እስኪያልፍ ያህል እንኳ አልቆየም። ግን አየችው። ከልጅነቷ ጀምሮ በገበያው ሁሉ፣ በሠርጉ ሁሉ፣ በለቅሶው ሁሉ የምታውቀው ያ አስተያየት፣ ከዓለም ሁሉ እሱ ውስጥ ፈጽሞ የለም ያለችው አስተያየት፣ በእነዚያ ሲስቁ በሚጠፉት ዓይኖች ውስጥ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ሰው ሁሉ ሲወረውርባት የኖረው ድንጋይ አላደማትም ነበር፤ ይህ ጠጠር ግን ልቧን አገኘው።

ቤቱ በጢስ ታፍኗል። ሴቶቹ ለዓይን መድኃኒት የሚባለውን ሥር ከሰል ላይ በትነው፣ እትዬ ሙሚናን በጋቢ ሸፍነው ያጥኗቸዋል። ሳሊሀ ከላያቸው ቆማ ትጮኻለች።

«ማን ነሽ? ከየት ያዝሻት? ተናገሪ!»

«ዘሊካ…» ከጋቢው ሥር የወጣው ድምፅ ቀጭን ነበር። «ዘሊካን…»

«ይኸው! ለፈለፈች! ሰማችሁ?»

ዘሊካ ከሰሉን በእግሯ ገፍታ፣ ጋቢውን ገፍፋ፣ ጣታቸውን ወግታ ለካች። ሠላሳ አራት። ከሰባ ሲወርድ ነው የሚያስፈራው፤ ይህ ከፍርሃትም አልፏል። በዚያ በደከመ ልብ ላይ ደግሞ እያንዳንዷ ደቂቃ ዕዳ ናት። በአፋቸው ብትሰጣቸው ትን ይላቸዋል። የግሉኮሱን መርፌ አወጣች።

ሳሊሀ መሐል ገባች። «በመርፌ ጀመረች፣ በመርፌ ልትጨርሳት ነው! ወገን የላትም እንዴ ይቺ እህቴ?»

«ዞር በይ፣ እትዬ ሳሊሀ። ስኳራቸው አልቋል።»

«በስኳር በሽታ የምትሠቃይ ሴት ስኳሯ አለቀ ትያለሽ? ማንን ልታሞኚ ነው?»

ዘሊካ ቀና ብላ ፈሪድን አየችው። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ እንዳይንቀጠቀጥ የከፈለችውን ግን እሷ ታውቃለች።

«ወይ እመነኝ፣ ወይ አስወጣኝ። ለመጠርጠር ሌላ ቀን ታገኛለህ። እናትህ ግን ሌላ ቀን የላቸውም።»

ያ መርፌ ሲያይ ጉልበቱ የሚከዳው ሰው አክስቱን በክንዱ ገለል አደረገ። ተንበረከከ። የእናቱን እጅ ዘርግቶ በሁለት እጆቹ ያዘላት።

«ውጊ» አለ።

መድኃኒቱን በቀስታ ሰጠቻቸው። ላባቸው ደረቀ። መንቀጥቀጡ ቆመ። ዓይናቸውን ገለጡና ዙሪያውን አዩ።

«ዘሊካ መጣች?» አሉ። «ይህን ያህል ስጠራት የት ነበረች?»

ሳሊሀ የከሰሉን ማጨሻ ወደ ጓዳ ገፋችው።

«ላብ ካጠመቃችሁና ከተንቀጠቀጣችሁ እኔን ጥሩኝ አላለችኝም ነበር? ስጠራ፣ ስጠራ፣ እናንተ ጢስ ታጨሱብኛላችሁ። ራበኝ።»

«ጠዋት ምን በላችሁ፣ እትዬ?» አለች ዘሊካ።

እትዬ ሙሚና ዓይናቸውን ሰበሩ። ሳሊሀ ናት የመለሰችው፣ ወደ መሬት እያየች። «ለውሻው ሰጠሁት። ዓይንሽ አርፎበት… ሌላ ልጋግርላት ሊጥ እያቦካሁ ነበር።»

ዘሊካ መለኪያዋን በዝግታ ወደ ቦርሳዋ መለሰች።

«እኔም ሲበሉ ሳላይ መሄዴ ጥፋት ነው፤ ጥፋቴን አልክድም። ዓይኔ ግን ማንንም አልበላም። ኢንሱሊን ገብቶ ምግብ ካልተከተለው በደም ውስጥ ያለችውን ስኳር ጠራርጎ ይጨርሳታል፤ አንጎልም በረሃብ ያብዳል። ነገሩ ይኸው ነው። ይህን በዚህ ቤት እየመጣሁ ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ? ቃሌንም እንደ ምግቡ ከድናችሁት ኖሯል።»

ወጣች። ፈሪድ እየሮጠ ደረሰባት።

«ዘሊካ፣ እጇን እኮ ያዝኩልሽ።»

«ያዝክልኝ። አልረሳውም። ባጃጁ ውስጥ ያየሁትንም አልረሳውም።»

«አንዲት ቅጽበት ነበረች፤ ወላሂ አንዲት ቅጽበት!»

«እኔ ያደግኩት በእንዲህ ያለች ቅጽበት ውስጥ ነው። ቤቴ ግን አላደርጋትም። ከነገ ጀምሮ ሌላ ነርስ ይመጣላችኋል።»

እንባዋ የመጣው መታጠፊያውን ካለፈች በኋላ ነው። ያኔም ቢሆን በንዴት ጠረገችው፣ ያላስፈቀደ እንግዳ ይመስል።

*

በማግስቱ ጠዋት ዘሊካ ከእናቷ ደጅ፣ ፀሐይ ላይ ከተደረደሩት ያልተቃጠሉ ድስቶች መሐል ተቀምጣ ሳለ ባጃጅ መጥቶ ቆመ። እትዬ ሙሚና በፈሪድ ክንድ ተደግፈው ወረዱ። ሳሊሀ ባጃጁ ውስጥ ቀረች፤ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍናለች።

ኡሙሃኒ እስከ ክርኗ ጭቃ እንደለበሰች ብድግ አለች። ለእንግዳ የምታቀርበው መቀመጫ ፈልጋ ዞር ዞር አለች፤ በዚያ ደጅ ገዢ ይቆማል እንጂ ተቀምጦ አያውቅም። እትዬ ሙሚና ግን የጭቃ መርገጫው አጠገብ ያለችውን ዝቅተኛ የእንጨት መቀመጫ፣ ዱካዋን፣ ራሳቸው ስበው ተቀመጡ።

«የላክሽው ልጅ እጁ መዶሻ ነው፤ መለስኩት» አሉ። «ነይ ውጊኝ።»

ዘሊካ ለካች፤ ወጋች።

«በይ፣ ኡሙሃኒ። ቁርስ አልያዝኩም። ምን አለሽ?»

«የኛ ምግብ እኮ… ለአንቱ የሚሆን አይደለም።»

«ቂጣ የለሽም?»

«ቂጣስ አለ።»

«መርፌው ገብቷል፤ ልጅሽን ጠይቂያት፣ አይጠብቅም። ታግደረድሪኛለሽ ወይስ ታበይኛለሽ?»

ኡሙሃኒ እጇን እንኳ በወጉ ሳትታጠብ ሮጣ ገባች፤ ቂጣና ሽሮ በአንድ ሳህን ይዛ ወጣች። ክዳን አልነበረውም። አስቀምጣው እንደ ልማዷ ወደ ኋላዋ ስታፈገፍግ እትዬ ሙሚና ቀሚሷን ያዙ።

«ወዴት? ብቻዬን ልበላ ነው? ቅረቢ። አንቺም ልጅ፣ ቅረቢና እየኝ፤ ዓይንሽ እስኪጠግብ እየኝ። እንዲህ እያየሽ መጥነሽ ውጊኝ።»

ቆረሱ። ቁራሹ ከንፈራቸው ላይ ደርሶ አንድ አፍታ ቆመ፤ ዕድሜ ልካቸውን የሰሙት ሁሉ እዚያች ቁራሽ ላይ ተቀምጧል። «ቢስሚላህ» አሉ፤ አላመጡ። ፍርሃታቸውን አልጣሉትም፤ ዋጡት። ዘሊካም ይህን አይታ ከመቼውም ይልቅ ያን ጊዜ አከበረቻቸው፤ ሳይፈሩ ቢበሉ ኖሮ ምን ዋጋ ነበረው?

«አፉ በይኝ፣ ኡሙሃኒ» አሉ ሲጨርሱ። «የሠራሽውን ድስት ስወድ፣ አንቺን ስሸሽ ኖርኩ።»

ኡሙሃኒ በጭቃ እጇ ፊቷን ሸፈነች።

«ደግሞ በሕይወት ሳለሁ አይሆንም ያልኩት ነገር አለ። ከሐኪም ቢላዋ ሥር ገብቼ ልወጣ ላልወጣ እችላለሁ፤ አላህ ያውቃል። ሞቴን የሚጠብቅ ሠርግ ትቼ መሄድ አልፈልግም። በሕይወት ሳለሁ ይሁን። ነገ ሽማግሌ እልካለሁ።»

ሁሉም ዘሊካን አዩ። እሷ ደግሞ አገጯን ቀና አደረገች።

«እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም፣ እትዬ።»

«ያ አላህ!» አለች ሳሊሀ ከባጃጁ ውስጥ። «ይቺ ልጅ ስትፈጠር ምላስ ተርፎ ነበር እንዴ?»

እትዬ ሙሚና ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ። ፈሪድ ከቆመበት መጥቶ ፊቷ ቆመ። ዛሬ መንገድ አላየም፣ መሬትም አላየም።

«ጠርጥሬሻለሁ» አላት። «አልክድም። ያደግሁበት ቤት ውስጤ ጮኸ።»

«አሁንስ አይጮኽም?»

«ይጮኻል። እኔ ግን ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆኜ መጣሁ። ነገም ቢጮኽ እመጣለሁ።»

ውሸት ቢነግራት ታውቅበት ነበር። እውነቱ ግን ያለ ጋሻ አገኛት።

«ሂድ» አለችው። «እናትህን አሳክም። መልሴን ያን ጊዜ ትሰማለህ።»

እንዲህ ብላ የሸኘችው እሷ ናት፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ያጣችውም እሷ ናት።

*

የቀዶ ሕክምናው ዕለት ዘሊካ ቆቦ፣ ሆስፒታሉ ውስጥ ሕሙማን እየለካች ዋለች። ከቀትር በኋላ ስልኳ ጮኸ።

«ወጣች!» አለ ፈሪድ። «ልቧ ይመታል። ግን ስኳሯ ሁለት መቶ ስልሳ ሆኗል አሉኝ። እህል በአፏ አልዞረም እኮ! ማን ምን አበላት?»

«ማንም አላበላቸውም። ደረት ሲከፈት ሰውነት ጦር የመጣበት ይመስለዋል። ጉበት ያከማቸውን ስኳር አውጥቶ ይበትናል። ለዚህ ነው ኢንሱሊኑን በጠብታ የሚሰጧቸው። አብሽር።»

«ያን ቀን እንደሆነው በአንዴ ቁልቁል ቢወርድስ?»

«እንዳይወርድ በየሰዓቱ ይለኩታል። ዝም ብሎ መድፋት የለም፤ ቀስ አድርጎ ማውረድ ነው። ሲለኩ ጠይቅና ንገረኝ።»

በየሰዓቱ ደወለ። ቁጥሯን ይነግራታል፤ ቁጥሯ ካለቀች በኋላ ግን ስልኩን የሚዘጋ ሰው ጠፋ። መጀመሪያ ሲወርድ ስለ ሽንኩርቱ አወራት። ቀጥሎ ሲወርድ፣ አባቱ ሲሞት እናቱ ሳታለቅስ ግመሎቹን ጭና ወደ ገበያ እንደወረደች ነገራት። እሷም ለማንም ነግራ የማታውቀውን፣ ትምህርት ቤት ሳለች ምሳ ሰዓት ሁሉ ከግንቡ ኋላ ብቻዋን እየበላች ማደጓን ነገረችው። ትንፋሹን ሰማች፤ የሚያለቅስ ሰው ትንፋሽ ነበር።

ፀሐይዋ አዘቅዝቃ የዞብል ተራራ ሲቀላ እንደገና ደወለ።

«መቶ አርባ ስምንት» አለ። «እዚሁ እናቆየዋለን አሉ። አስገቡኝ፤ አየኋት። ዓይኗን ገለጠች፤ እጄን ጨበጠችው። አጨባበጧ ያው የእሷ ነው፣ ያማል።»

ዘሊካ ወንበሯ ላይ ተደገፈች።

«አልሐምዱሊላህ።»

ስልኩ ከቆቦ አዲስ አበባ ድረስ የተዘረጋ ገመድ ይመስል ነበር፤ ሁለቱም ጫፉን ይዘው፣ ማን ቀድሞ እንደሚስበው ይጠባበቃሉ።

«መልሴን አልጠየቅኸኝም» አለች።

«ፈርቼ ነው።»

«ጠይቀኝ።»

«ታገቢኛለሽ ወይ፣ የኡሙሃኒ ልጅ?»

በዚህ ስም ሰዎች ሲጠሯት ኖረዋል፤ ሁልጊዜም ለመናቅ ነበር። አሁን ከእሱ አፍ ሲወጣ ግን ማዕረግ መሰላት።

«አገባሃለሁ» አለች።

ስልኩን ዘግታ ወደ ግቢው ወጣች። የቆላው ነፋስ የማሽላውን ማሳ ሽታ ይዞ ፊቷን ነካው። አንዲት የለካቻቸው አሮጊት ከዛፉ ሥር ተቀምጠው «ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው፣ ልጄ? ክፉ ሰማሽ?» አሏት።

ስድብ ቢሆን መልሱ አፏ ላይ ነበር። ንቀትም ቢሆን እንዴት እንደሚመለስ ታውቅበታለች። ደስታ ሲመጣ ግን ምን እንደሚባል ማንም አላስተማራትም ነበርና፣ አሮጊቷ አጠገብ መሬቱ ላይ ቁጭ ብላ እያለቀሰች ሳቀች።